የፔደረስ ጢንዚዛዎችን ስለ መለየትና ስለ መመደብ



ጢንዚዛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠንካራ ክንፍ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ የሸፈነለትን ነፍሳት ነው። የስታፊሊኒዴ ቤተሰብ አባላት ግን የፊት ክንፎቻቸው አጫጭር በመሆናቸው ሆዳቸው ተገልጦ ይታያል፤ ላልለመደ ዓይን ጉንዳን ይመስላሉ። ከዚህ ቤተሰብ ዛሬ የምንመለከተው ፋብሪሲየስ በ1775 (እ.ኤ.አ.) ፔደረስ ብሎ የሰየመውን ወገን ነው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ሩዝ የሚበቅልበት እንደ ፎገራ ያለ ሜዳ ለዚህ ወገን የሚስማማ መኖሪያ ነው።

የታወቁት ዝርያዎች ርዝመታቸው በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ራሳቸውና የሆዳቸው ጫፍ ጥቁር፣ ደረታቸውና የቀረው የሆዳቸው ክፍል ብርቱካናማ፣ የፊት ክንፋቸው ደግሞ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ሆኖም ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ወጥ ጥቁር ቀለም ያላቸው ዝርያዎችም አሉና። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከእግራቸው ጫፍ አምስት አንጓዎች አራተኛው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ግን የወንዱን የመራቢያ አካል አውጥቶ መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሴት ናሙና ብቻ የያዘ ተማሪ «የፔደረስ ወገን» ብሎ ቢያቆም ይሻለዋል።

የወገኑን ስም ማወቅ ብቻውን እንኳ ለሐኪምም ለገበሬም ይጠቅማል። ፔደረስ አይነክስም፣ አይናደፍም። ቆዳ ላይ ሲደፈጠጥ ግን በደሙ ውስጥ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ ይፈስሳል፤ መርዙን የሚሠራው በጢንዚዛው አካል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ በመስመር ውኃ ይቋጥራል። ይህ መስመር ከአልማዝ ባለጭራ ጋር ሊያሳስት ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ግን የነርቭን መንገድ ተከትሎ በአንድ ጎን ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሕመሙ ይቀድመዋል። የፔደረስ ቁስል በአንጻሩ ክንድ ሲታጠፍ የሚገናኙትን ሁለት የቆዳ ገጾች ትይዩ አድርጎ ያቆስላል። በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» የሚባለውም ይኸው ወገን ነው፤ ዝንብ ግን አይደለም።

በማሳ ውስጥ ይህ ጢንዚዛ ሰብል አይበላም፤ ሩዝን የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳትን ያድናል። በቁስሉ ምክንያት ብቻ ማሳውን ፀረ ተባይ መርጨት፣ በእኔ ግምት፣ ጠባቂን ገድሎ ተባይን ማሳደር ነው። መብራት ስለሚስበው ማታ መስኮት መዝጋት፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሳይደፈጥጡ እፍ ብሎ ማባረር፣ የነካውንም ስፍራ ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይበጃል።

ለናሙና የምትወጡ ተማሪዎች በባዶ እጅ አትያዙት፤ በለስላሳ ወረንጦ አንሥታችሁ አልኮል ውስጥ ክተቱት። ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኘበትን፣ ማለትም ከሩዝ ሥር፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከመብራት ሥር መሆኑን፣ በዚያው ሰዓት በእርሳስ ጻፉ።