በርጋጊ የድመት ግልገሎችን ከአዲስ ቤት ጋር ስለ ማላመድ

አይጥ የጎተራ እህል የሚያጠፋው በመብላት ብቻ አይደለም፤ በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው፣ ጆንያ ቀዶ የሚያፈሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ ገበሬ ድመት ይፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግልገል በገለባ ክምር ወይም በአጥር ሥር የተወለደ፣ የሰው እጅ ያልነካው፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚበረግግ ነው። ይህን በጆንያ አሥረው አምጥተው ጎተራው አጠገብ ቢፈቱት በዚያው ሌሊት ይጠፋል። ባለቤቱም «ዘሩ የዱር ነው» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የግልገሉ ሳይሆን የአመጣጡ ነው።

የድመት ግልገል ሰውን በቀላሉ የሚለምደው ከተወለደ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሆኖም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት አይገባም። እንግዲህ እናቲቱ ለማዳ ከሆነች ማላመዱ እዚያው በተወለደበት ቤት ቢጀመር ይሻላል። ድመቱን የሚወስደው ሰው በየጊዜው እየሄደ ግልገሉን ጥቂት ጥቂት ቢይዘው ድካሙ ይቀልለታል።

ግልገሉን ለማምጣት ክዳን ያለው ቅርጫት ይዞ መሄድና በላዩ ጨርቅ መሸፈን ነው፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። እጅንም በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታልና፣ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ግልገሉ 3 ወር ሲሞላው የዚህን በሽታ ክትባት ማስከተብ ይገባል።

ቤት እንደ ደረሰ ጭስና ውሻ በማይገባበት ጓዳ ውስጥ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ ቢያንስ 2 ሳምንት ማቆየት ነው። አሮጌ ጨርቅ የተነጠፈበት ቅርጫት በጎኑ ቢጋደምለት መሸሸጊያ ይሆነዋል። በአንድ ጥግ አመድ ወይም አሸዋ በገል ቢቀመጥ እዚያ ይጸዳዳል፤ ይህን ነፍሰ ጡር ሴት አትጥረግ፣ ጽንስን የሚጎዳ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና።

በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ምግብና ውሃ አስቀምጦ ዝም ብሎ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ምግብ ይዞ ይግባ፤ «ውሮ፣ ውሮ» እያለ በዝግታ ይጥራው፤ መሬት ላይም ይቀመጥ። ቆሞ የሚያይ ሰው ለግልገሉ አውሬ ነው። ዐይን ዐይኑን ማፍጠጥም እንደ ዛቻ ይቆጠራልና ፊትን ዘወር ማድረግ ወይም ዐይንን ቀስ ብሎ ጨፍኖ መክፈት ይሻላል። ምግቡን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ራስ ማቅረብ ነው። የተረፈውንም ይዞ መውጣት ይገባል፤ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠለት ሰውን ለምን ይጠብቃል? እየበላ ሳለ መሸሽ ሲተው በአንድ ጣት ጉንጩን ወይም አገጩን ሥር መንካት ይቻላል፤ እጅ ከላይ ከመጣበት ግን ይደነግጣል። ከመሸሸጊያው ጎትቶ ያወጣው ሰው የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ያፈርሳል። ልጆች ይህን መስማት አለባቸው።

እንጀራ በወጥ ብቻ ለድመት አይበቃም፤ ድመት ያለ ሥጋ ጤና የላትም። የተቀቀለ ሳንባ፣ አንጀት፣ የሥጋ ብጥራጊ፣ ሐይቅ አጠገብ ዓሣ ይሰጣታል። የላም ወተት አንዳንዱን ስለሚያስቀምጠው ውሃን አይተካም። በጾም ወራት ቤቱ ሥጋ ስለማይኖረው ድመት ተርባ ወደ ሌላ ደጅ የምትሄደው ያን ጊዜ ነው፤ እርሷ አትጾምምና አስቀድሞ የደረቀ ሥጋ ማኖር ይጠቅማል። የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ጠግባም ታድናለች።

ከ3 ወይም ከ4 ወር በላይ የሆነው ግልገል ምናልባት መታቀፍን ፈጽሞ አይወድ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው እንዲያቅፈው ማስገደድ ከንቱ ድካም ነው፤ ለጎተራው ግን ይበቃል።

በር የሚከፈትለት ጥሪ ሰምቶ ወደ ምግቡ መምጣት ከለመደ በኋላ፣ ማታ፣ ሳይበላ ነው። ርቦት ስለሚወጣ ጥሪውን ሰምቶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሌሊት ባይመለስ ማሳደድ አያስፈልግም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ምግቡን በለመደው ቦታ ማኖር ነው።

በሩ ሳይከፈት በፊት ግን የአይጥ መርዝ ከግቢው ሁሉ መነሣት አለበት። ዚንክ ፎስፋይድንም ሆነ ሌላውን መርዝ የበላ አይጥ ድመትን ሊገድል ይችላል። የልማት ሠራተኛውም ጎረቤቶቹን ይጠይቅ፤ ድመት አጥር አያግዳትምና። መርዝ ተደርጎ ከነበረ የሞቱትን አይጦች በባዶ እጅ ሳይነኩ ለቅሞ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ለጥቂት ቀናትም ጎተራውን እየዞሩ መፈተሽ ነው።