የጋብቻ ሕግና የኅሊና ነፃነት

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 591 ጋብቻን ሊያፈርስ የሚችለው መሠረታዊ ስሕተት ምን ምን እንደ ሆነ ይዘረዝር ነበር። ከእነዚህም አንዱ የትዳር ጓደኛን ሃይማኖት አለማወቅ ሲሆን፣ ሌላው የሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳያውቁ ማግባት ነበር። ይህ ቃል በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅ ሠፈር ለሚኖር ሰው ከሌላው ይልቅ ይከብደዋል፤ ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነውና። አለርት የሚባለው ማዕከልም በ1958 ዓ.ም. በዚያው ተቋቋመ። ከሩቅ አገር ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ወደ ዘመዶቻቸው ሳይመለሱ በአካባቢው ቀርተው ተጋብተዋል፤ ልጆችም አሳድገዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 13 ሃይማኖትንም የሥጋ ደዌንም ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ የማይድን ወይም ወደ ዘር የሚተላለፍ በሽታ በሚል ቃል ተካው። የሥጋ ደዌ ዛሬ ከስድስት ወር እስከ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ስለሚድን፣ በዚህ ቃል ውስጥ አይገባም። ነገር ግን በዚያው አንቀጽ አዲስ ምክንያት ተጨመረ፤ ይኸውም ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ያለውን ሰው ይህን ሳያውቁ ማግባት ነው። የተታለለው ወገን አቤት የማለት መብቱ ተገቢ ነው። ሆኖም መንግሥት የሰውን አካል ከመመርመር አልፎ ጠባዩን ወደ መመርመር እንደ ተሸጋገረ ልብ ሊባል ይገባል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ የሚናገረው ስለ ወንዶችና ሴቶች ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት በቀላል እስራት ይቀጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጋብቻ በእኛ አገር የክብር መዝገብ ሹም ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

በደቡብ አፍሪካ ግን ደርሷል። እዚያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሲፈቀድ፣ የሕጉ ስድስተኛ ክፍል ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ በጽሑፍ ያመለከተ የመንግሥት ሹም እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንዳያስፈጽም መብት ሰጥቶት ነበር። ይህ ክፍል በ2020 (እ.ኤ.አ.) ተሻረ። የሃይማኖት ድርጅቶች ግን እምነታቸው የማይቀበለውን ጋብቻ እንዲፈጽሙ አልተገደዱም።

ልዩነቱ ትክክል ይመስለኛል። ካህኑም ሆነ ሼኩ የሚናገሩት በእምነታቸው ስም ነው፤ ሹሙ የያዘው ማኅተም ግን የመንግሥት ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን በተግባር መግለጽ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ማመንን ራሱን ግን አይነካም። ነገሩን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ክርስቲያንና ሙስሊም ሊጋቡ ወደ ክፍለ ከተማ ቢመጡ፣ ካህኑ ወይም ሼኩ አልባርክም ሊል ይችላል። መዝጋቢው ግን በልቡ ኃጢአት ነው ብሎ ቢያምንም፣ አንቀጽ 34 በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ስለሚያዝዘው፣ ስማቸውን አስፍሮ ማኅተሙን ያሳርፋል።