የጂፒኤሱ ሁለት ድንጋዮች

የገጠር መሬት የሚለኩ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚመዘግቡ ወይም በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ከእጃቸው ከማይለዩዋቸው ዕቃዎች አንዱ ጂፒኤስ ነው። ከጋርሚን የእጅ ጂፒኤሶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በየሱቁ በሚሸጡ ሁለት ኤኤ ድንጋዮች ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ያለቀውን አውጥቶ ሌላ መክተት ብቻ ይበቃል።

መልካቸው አንድ ቢሆንም የድንጋዮቹ ጠባይ ለየቅል ነው። አልካላይን አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን 1.2 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቆይና መጨረሻው ላይ ባንዴ ይወድቃል። ጂፒኤሱ «አልካላይን» እንደሚል ከተተወ፣ ገና ጉልበት ያለውን ድንጋይ ሊያልቅ እንደደረሰ ቆጥሮ ያስጠነቅቃል። መፍትሔው ሜኑ ውስጥ ገብቶ የባትሪውን ዓይነት መምረጥ ብቻ ነው።

አሮጌና አዲስ መቀላቀል ደግሞ የከፋ ጥፋት ነው። ሁለቱ ድንጋዮች ተከታትለው ስለሚሠሩ ደካማው ቀድሞ ይሟጠጣል፤ ብርቱው መግፋቱን ሲቀጥልም ደካማው ይጎዳል፣ አንዳንዴም ያፈስሳል። መሣሪያው ለወራት ድንጋይ እንደያዘ ሲቀመጥ በሽቦው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ከአልካላይን የወጣ ነው። በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ያድነዋል።

ሳንዮ ኤኔሉፕን እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ፣ ቻርጅ ተደርጎ የተቀመጠ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በሳምንታት ውስጥ ብዙ ኃይሉን ያጣ ነበር። አዲሱ ዓይነት ዓመት ተቀምጦም አብዛኛውን ይይዛል። ለመስክ ሰው ይህ ከማንኛውም ማሻሻያ ይበልጣል፤ ቻርጀሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚከታተል እስከሆነ ድረስ። ርካሹ ቻርጀር ጥንድ ጥንዱን አንድ ላይ ስለሚሞላ አንዱን ከመጠን በላይ አሙቆ ሌላውን ጎዶሎ ይተወዋል።

የባሌው ሰነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አልካላይን በብርድ ይደክማል። ቻርጅ የማይደረገው ሊቲየም ኤኤ ግን ውድ ቢሆንም ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል፤ ክብደቱም 15 ግራም ገደማ ነው፣ አልካላይኑ 23።

ታብሌትና ፓወር ባንክ የሚይዙት ሊቲየም አዮን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ስለሚለጠፍ ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ማታ የቀዘቀዘው ታብሌት ሞቅ እስኪል መጠበቅ አለበት። በአፋር ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በቆመ መኪና ውስጥ ሞልቶ የተተወ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። በሶላር የሚሞሉም ቀን ፓወር ባንኩን፣ ማታ በእሱ ታብሌቱን ቢሞሉ ደመና ሲያልፍ ቻርጁ አይቆራረጥባቸውም።

ወደ መስክ በአውሮፕላን የሚሄድ ቡድን የፓወር ባንኩን ልክ አስቀድሞ ያስላ። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ ይያዛሉ እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም።