ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ነው? ስለ ዲጂታል ዘመን ጋዜጠኝነት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በምዕራብ ሸዋ ከእንጭኒ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ የዕለቱ ጨዋታ የሚጀመረው "ፌስቡክ ላይ አየሁ" ወይም "ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ" በሚል ነው። ወሬውን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንዳገኘው ጠይቆ የሚያጣራ ጥቂት ነው። ስለ ጋዜጠኝነት ሥራ ራሱ የሚነገረውም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ማንም ሳይመረምረው እንደ እውነት የሚደጋገም ብዙ ነገር አለበት።

"ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ነው።"

ይህ አባባል በምዕራብ ሸዋ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር 2008 የጊንጪ ተማሪዎች የጭሊሞ ደን መመንጠሩንና የከተማው ሜዳ ለባለሀብት መሰጠቱን ተቃውመው ሲወጡ፣ ምስሉና ወሬው ከከተማ ወደ ከተማ የተዛመተው በአብዛኛው በተራ ሰዎች ስልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው "እንግዲህ ጋዜጠኛ ምን ያደርግልናል?" ማለት ጀመረ። እነዚያ ሰዎች የሠሩት ትልቅ ሥራ ነው፤ የዓይን ምስክርነት ሰጥተዋል። የጋዜጠኛው ሥራ ግን የሚጀምረው ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ነው። ደኑ ለማን፣ በየትኛው ውሳኔ ተመነጠረ፣ ማን ፈረመበት? ሜዳው ቀድሞ በማን ስም ተመዝግቦ ነበር? አስተዳደሩ ምን ይላል፣ የአካባቢው ገበሬስ? ተጎዳ የተባለው ሰው በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ አለ ወይ? ስሙ ቢወጣ አደጋ የሚያገኘውን ምስክርስ እንዴት መጠበቅ ይቻላል? ስህተቱ የማይነቀለው ይህ ሁሉ ልፋት ከስክሪን ጀርባ ስለሚቀር ነው። አንባቢ የሚያየው የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ ማንም መጻፍ የሚችል ይመስላል።

"ቪዲዮ አይዋሽም።"

ቪዲዮው ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ ያለው አብሮት በተጻፈው ቀንና ቦታ ላይ ነው። ሀቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክን የመሳሰሉ የመረጃ አጣሪ ቡድኖች በተደጋጋሚ ያጋለጡት ይህንኑ ነው፦ የሌላ አገር ፍንዳታ የእኛ ተብሎ፣ የዓመታት ዕድሜ ያለው ሰልፍ የትናንት ተብሎ ይሰራጫል።

ማጣሪያው የተሰወረ ጥበብ አይደለም። ቪዲዮውን አቁሞ ምስል ማስቀረት፣ ምስሉን እንደ ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ባሉ የምስል መፈለጊያዎች ፈልጎ ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ በምስሉ ውስጥ ያለው ነገር ይነበባል። ከአምቦ የመጣ ነው ከተባለ፣ የሱቆቹ ሰሌዳ የሚጠበቀውን የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ይዟል ወይ? በኅዳር ተቀረጸ በተባለ ቪዲዮ ላይ ጤፉ ገና ለምለም ሣር ከሆነ ቀኑ ያጠራጥራል፤ በኅዳር ጤፍ ለአጨዳ ይደርሳል። ፋይሉ ራሱ ቀንና ቦታውን ይናገራል የሚሉም አሉ። ምስሉ በፌስቡክ ወይም በዋትስአፕ ካለፈ ግን እነዚያ መረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ተገፍፈው ነው የሚደርሱት። ስለዚህ ጠንቃቃ ጋዜጠኛ የቀረጸውን ሰው አፈላልጎ ዋናውን ፋይል ይጠይቃል። በዚህ ሥራ የአገሬው ሰው ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣል። ከሆለታ ወደ ሙገር የሚወስደውን መንገድ ዕድሜ ልኩን የተመላለሰበት የእንጭኒ ሰው ኩርባውንና ዳገቱን አይቶ "ይሄ እኛ ጋ አይደለም" ማለት ይችላል።

"ቀድሞ የለጠፈ አሸነፈ።"

በሚያዝያ 2005 የዜና ወኪሉ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የትዊተር ገጽ ተጠልፎ "ዋይት ሐውስ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ ፕሬዚዳንት ኦባማ ቆሰሉ" የሚል ሐሰት ወጣበት። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ በደቂቃዎች ውስጥ 140 ነጥብ ያህል ወርዶ፣ ሐሰትነቱ ሲታወቅ ተመለሰ። ገበያ ይመለሳል። በሐሰት ወንጀለኛ ተብሎ ፎቶው የተሰራጨበት የትንሽ ከተማ ሰው ግን ስሙን እንዲህ በቀላሉ አያስመልስም፤ ማስተባበያው ወሬው የደረሰበት ቤት ሁሉ አይደርስም።

"ይህን ያህል ሰው ያጋራው ውሸት ሊሆን አይችልም።"

እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሯል። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ ጥፋቱን በሮቦት ገጾች አላመካኙም፤ ሐሰቱን ያፋጠነው ሰው ነው። ሐሰት አዲስና አስደንጋጭ ሆኖ ስለሚቀርብ እጅ ያስቸኩላል። በዚያ ላይ ደጋግመን የሰማነው ነገር እውነት ሆኖ ይሰማናል፤ በሦስት ቡድኖች የደረሰን መልእክት ሦስት ምንጭ ያለው ይመስለናል፣ ምንጩ ግን አንድ ነው።

"ኢንተርኔት ሲቋረጥ አሉባልታው ይቆማል።"

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። ቀብሩ ሰኔ 25 ቀን አምቦ ላይ ሲፈጸም፣ ሕዝቡ ከምንጊዜውም በላይ የተጣራ መረጃ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከቦታው ዜና መላክና ማረጋገጥ እጅግ ከባድ ነበር። ወሬ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊትም ከገበያ ገበያ ይጓዝ ነበር፤ ሲቋረጥም በአፍ መጓዙን አይተውም። የሚቆመው ምስሉን የሚመረምረው፣ ሁለተኛ ምንጭ የሚፈልገው፣ ማስተባበያ የሚያወጣው ሰው ሥራ ነው። ዝምታ ሲሰፍን ቁጣ ሲበርድ ያየ ሰው "ሠርቷል" ይላል፤ ነገር ግን በጨለማው ወቅት የተወለደው ወሬ መስመሩ ሲከፈት ያለ ተከራካሪ አድጎ ይጠብቃል።

"ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሕግ የለም።"

አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ሕጉ የጋዜጠኝነት ሙያ ያለውንም የሌለውንም ይመለከታል።

"መሥሪያ ቤት ካልፈለገ መረጃ አይሰጥም።"

አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት፤ ቅሬታ ያለው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ሕጉ እያለ አመለካከቱ የሚዘልቀው ጥያቄውም ክልከላውም በቃል ስለሚያልቅ ነው። "ነገ ና" የተባለ ሰው በእጁ ማስረጃ የለውም። ስለ አንድ መንገድ በጀት በጽሑፍ ጠይቆ ቀን የተጻፈበት ቅጂ የያዘ ጋዜጠኛ ግን መልስ ባይሰጠው እንኳ ዝምታው ራሱ ዜና ይሆንለታል።

"ከእንግዲህ ዜናውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈዋል።"

የተሰበሰበ መረጃ ካገኘ ይጽፋል። የአዳ በርጋ ወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ገብቶ አይቀመጥም፤ ያልተጻፈውን ነገር ከገበሬው አፍ አይቀበልም። የጎደለውን በግምት ሞልቶ እርግጠኛ መስሎ የማቅረብ ጠባይም አለው። ሰው የሚያጣራው ነገር በዝቷል እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ በእንጭኒም ሆነ በአምቦ አንድ ነገር ሲደርስ ስልኩን የሚያወጣ ሰው ዋናውን ፋይል አያጥፋው። ሰሌዳውን፣ ሕንፃውን፣ መንገዱን ጨምሮ ይቅረጽ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። የሰው ፊትና ስም ከመልቀቁ በፊት ለሚያጣራ ጋዜጠኛ ያሳየው። ያልደረሰበትን ቦታ ወሬ ደግሞ ሳይጠይቅ አያጋራ።