ጣፊያው ለምን አበጠ?

ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ከያዘው፣ ከከሳና ግራ ጎኑ ከተነፋ፣ ጎንደር ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ወባም ጣፊያን ያሳብጣል። አንዳንዴ ግን የእብጠቱ ምክንያት የአሸዋ ዝንብም ትንኝም ሳይሆን፣ ሐኪሞች በአጭሩ ሲኤምኤል የሚሉት የደም ካንሰር ነው። የመጀመሪያውን ፍንጭ ተራው የደም ቆጠራ ይሰጣል፦ ካላዛር ነጭ የደም ሴሎችን ያመናምናል፣ ሲኤምኤል ያበዛቸዋል። በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ የሆኑት ሴሎች ከ100 ሺህ ሊያልፉ ይችላሉ።

የሲኤምኤል ጥፋተኛ አንድ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በታማሚዎች ሴል ውስጥ ከልኩ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ መለዋወጣቸውን አሳዩ። በልውውጡ ሁለት ዘረመሎች ይጣበቁና ቢሲአር-ኤብል የተባለ ኢንዛይም ይፈጠራል። ጤነኛው ኤብል ሲፈለግ ይሠራል፣ ሲበቃ ያርፋል። ይኸኛው ዕረፍት አያውቅም፤ ኤቲፒ ከተባለው ሞለኪውል ፎስፌት እየወሰደ ለሌሎች ፕሮቲኖች ያቀብላል፣ መቅኒውም ሴል ማምረቱን አያቆምም።

መፍትሔው ኤቲፒ የሚገባበትን የኢንዛይሙን ጉድጓድ መድፈን ነው እንግዲህ። ሲያወሩት ይቀላል። በሰው አካል ግን ካይኔዝ የሚባሉ ከ500 በላይ የዚህ ዘመድ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሁሉም ኤቲፒን ይጠቀማሉ፣ ጉድጓዳቸውም ይመሳሰላል። አንዱን አግዳለሁ ብሎ ሁሉን ማገድ መርዝ መሥራት ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ነገሩ አይሆንም ብለው ነበር።

ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ በሲባ ጋይጊ ኩባንያ የነበሩት ኒኮላስ ሊደንና ኬሚስቱ ዩርግ ዚመርማን የተነሡት ሌላ ካይኔዝ ከሚያግድ ሞለኪውል ነው። ሚቲል የምትባል ቅንጣት፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ በትክክለኛው ቦታ ሲጨምሩበት ሞለኪውሉ የቀድሞ ዒላማውን ተወ፣ ኤብልን ማገዱ ግን አልቀረም። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ አራት አተም ብቻ! ሌላ ቅንጣት ደግሞ በውኃ እንዲሟሟ አደረገው፤ ስለዚህ በኪኒን ሊዋጥ ቻለ። ምስጢሩን በ2000 የጆን ኩሪያን ቡድን ገለጠው፦ መድኃኒቱ ኤብልን የሚይዘው ባረፈበት ቅርጹ ነው። ካይኔዞች ሲሠሩ ይመሳሰላሉ፣ ሲያርፉ ይለያያሉ። ምርጫው ግን ፍጹም አይደለም፤ ኪት የተባለውንም ኢንዛይም ያግዳል፤ ይህም ለአንድ ዓይነት የጨጓራና የአንጀት ዕጢ መድኃኒት አድርጎታል።

ሐኪሙ ብራያን ድሩከር በ1998 መድኃኒቱን በአሜሪካ በታማሚዎች ላይ መሞከር ጀመሩ። 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ልኩ ተመለሰ። በግንቦት 2001 ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ ተፈቀደ።

ወደ እኛ የመጣው በመድኃኒቱ አምራች በኖቫርቲስና በማክስ ፋውንዴሽን የእርዳታ ፕሮግራም፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል በነጻ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ኪኒኑ ደግሞ የአንድ ሳምንት ሕክምና አይደለም፣ በየቀኑ ለዓመታት ይዋጣል። ጣፊያው ሲጎድል «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ ለበሽታው በር መክፈት ነው። ኪኒኑን ሳያቋርጡም ኢንዛይሙ ሊለወጥ ይችላል። ቲ315አይ በሚባለው ለውጥ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ይተካና ኢማቲኒብ መያዣ ያጣል፤ ፖናቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት የተነደፈው ይህንን እንዲያልፍ ነው።

ለሀገራችን ታማሚ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት የቲቢ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነሣሣውና ኢማቲኒብን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርገዋል፤ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ቲቢ የተገኘበት የሲኤምኤል ታማሚ የሚውጠውን ኪኒን ለቲቢ ክፍሉም ማሳየት፣ የካንሰር ሐኪሙንም ሪፋምፒሲን ሳይጀምር ማማከር አለበት።