የአማርኛ ሜሴጅ እውነት ውድ ነው?

እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ወር ለደም ምርመራ ቀጠሮ ነበራትና ክሊኒኩ በዋዜማው ማስታወሻ ላከላት። ማስታወሻው አማርኛ ነው፤ የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል። እናቴ ፊደል ቆጥራ ዳዊት የደገመች ሴት ናት፣ ኤቢሲዲ ግን አታውቅም። ሁልጊዜ የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ በዚያ ምሽት አልነበረም። ጠዋት ቁርሷን በልታ ሄደች። ሜሴጁ ውስጥ ደግሞ «ምግብ ሳይበሉ ይምጡ» የሚል ነበረበት። ነርሷ መልሳ ላከቻት፤ ታክሲውም ወረፋውም በከንቱ ቀረ። ማታ ስትደውልልኝ «ልጄ፣ አንተ ከዚያ በረዶ አገር ሆነህ በአማርኛ ትጽፍልኛለህ። እነሱ እዚሁ ሆነው በፈረንጅ ፊደል የሚልኩልኝ ምን አድርጌያቸው ነው?» አለችኝ።

ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ቴሌግራም የለውም፤ አማርኛ ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

በሙያዬ ምክንያት መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። «አማርኛ ቦታ ይበላል፣ ሂሳቡ እጥፍ ይመጣል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩት።

አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። ይህ ከጂኤስኤም ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠ ልክ ነው። የጂኤስኤም መደበኛ የፊደል ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ምልክት 7 ቢት ይመድባል፤ ስለዚህ 140 ባይት ውስጥ 160 ምልክት ይገባል። ታዋቂው «160» የመጣው ከዚህ ነው። 7 ቢት ማለት ደግሞ 128 ቦታ ብቻ ማለት ነው። እኔ የምሠራው ኪስታ ነው፣ ኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤቱን ባደረገበት የስቶክሆልም ሰፈር። እዚህ የጤና ጣቢያው ሜሴጅ ሲልክልኝ፣ ስዊድኖች በራሳቸው ላይ ክብና ነጥብ የሚደፉባቸው ሦስቱ ፊደላት አንድም ተጨማሪ ቦታ አይወስዱም። ከመጀመሪያው ሠንጠረዡ ውስጥ አሉ። የግሪክ ትልልቅ ፊደላት ሳይቀሩ አሉ።

የእኛ የሉም፤ ቢታሰብበትም አይገቡም ነበር። 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው፣ እነ ቋ እና ኳ ሳይቆጠሩ። በኋላ እንደ ሂንዲና ታሚል ላሉ የህንድ ቋንቋዎች የራሳቸው ሠንጠረዥ ተሠርቶላቸዋል። እነሱ ተነባቢውንና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ ስለሚቆጥሩ ጠባብ ቦታ ይበቃቸዋል። ግዕዝ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። አማርኛ ሜሴጅ ስለዚህ የሚሄደው ዩሲኤስ-2 በሚባለው መንገድ ነው፤ ለአንድ ፊደል 16 ቢት። 140 ለ2 ሲካፈል 70።

70 ከ160 ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል። ስሌቱን እዚህ ላይ የሚያቆሙት ናቸው «ውድ ነው» የሚሉት። ግን አንድ የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የተሸከመ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

«ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለደም ምርመራ ምግብ ሳይበሉ ይምጡ።»

ክፍተቱም አራት ነጥቡም ተቆጥሮ 36 ነው። ይኸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ለምሳሌ «ሰላም»ን በአምስት ፊደል በሚጽፈው በተለመደው አጻጻፍ፣ 55 ይሆናል። በባይት ካየነው አማርኛው 72 ላቲኑ 49 ነው፤ አማርኛው ይበልጣል፣ አልክድም። ነገር ግን የምንከፍለው በባይት አይደለም፣ በሜሴጅ ነው። ሁለቱም አንድ ሜሴጅ ናቸው፤ ሂሳቡ እኩል ነው። ለክሊኒኩ ስምና ስልክ ቁጥር ገና 34 ቦታ ቀርቷል። ከ70 ካለፈ ብቻ ነው መልእክቱ የሚከፈለው፤ ያኔ የማያያዣ መረጃ ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? አንዱን ምንጭ ከራሴ ኮድ ውስጥ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት በፒኤችፒ የሜሴጅ ርዝመት መቁጠሪያ ጽፌ ነበር፤ የተጠቀምኩት ተራውን ስትርሌን ነው። እሱ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር 90 ይመጣል፤ 90 ከ70 ስለሚበልጥ ፕሮግራሜ «ሁለት ሜሴጅ» ብሎ ያስከፍል ነበር። ኤምቢ ስትርሌን ብዬ ብተካው 36 ይለኝ ነበር። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በላቲን ፊደል በተጻፈ ሜሴጅ መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ ባለ 70ው ይዞራል። የ100 ፊደሉ ሜሴጅ በአንዲት ምልክት ሁለት ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ የሥራ ባልደረባዬ «ሜሴጅ ያረጀ ነገር ነው፣ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጻፍ» አለኝ። እሺ፤ እዚያ ጋ አማርኛ በእርግጥ ውድ ነው። የቋንቋ ሞዴሎች የሚያስከፍሉት በቶክን ነው። የ2019ኙ ጂፒቲ-2 መዝገበ ቃላት 50,257 ቶክን ነበረው፤ የሠለጠነው በእንግሊዝኛ ገጾች ላይ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያልተያዘ ፊደል ወደ ባይቶቹ ይበተናል፤ በከፋው ሁኔታ አንድ ፊደል ሦስት ቶክን ይሆናል። የእናቴ ሜሴጅ 27ቱ የግዕዝ ምልክቶች ወደ 81 ቶክን ሊወጡ ይችላሉ ማለት ነው። የሚያበሳጨው፣ ከሦስቱ ባይቶች የመጀመሪያው ለሀም ለፐም ያው አንድ መሆኑ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር ሳይናገር ቦታ ይይዛል። በ2024 የወጣው ጂፒቲ-4ኦ መዝገቡን ወደ 200 ሺህ አሳድጎ ብዙ ቋንቋዎችን አሳጥሯል፤ ድርጅቱ ለማሳያ ከዘረዘራቸው 20 ቋንቋዎች መካከል ግን አማርኛ የለም። ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚፈታ አይደለም፤ በደንብ የተዘጋጀ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የክሊኒኩ ግን ይፈታል። ቆጠራውን ከነምሳሌው በአንድ ገጽ ጽፌ ላክሁላቸው። እስኪመልሱልኝ ድረስ የእናቴን የቀጠሮ ቀን ስልኬ ላይ መዝግቤ፣ በዋዜማው 36ቱን ፊደል ከኪስታ እልክላታለሁ። የውጭ አገር ታሪፍ ስለሆነ ለክሊኒኩ ከሚያስወጣው የሚበልጥ ነው የምከፍለው። «ደርሶኛል፣ አልበላም» ብላ መለሰችልኝ።