ሥራ ስለ ጠፋበት ዘመን

አሜሪካ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰፊና ባለጠጋ አገር ነው። መሬቱ ስንዴና በቆሎ ያበቅላል፤ በከተሞቹም ብዙ ፋብሪካዎች አሉ። ነገር ግን ባለጠጋ አገርም ቢሆን የችግር ዘመን ይመጣበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1929 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በዚህ አገር ላይ ጽኑ ችግር ወርዶ ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከችግሩ በፊት ብዙ ሰዎች ቶሎ ለመክበር ፈልገው፥ ገንዘብ እየተበደሩ የንግድ ማኅበሮችን አክሲዮን ይገዙ ነበር። የአክሲዮኑም ዋጋ ከሚገባው በላይ ወጣ። በ1929 በጥቅምት ወር ግን በኒውዮርክ ከተማ ዋጋው በድንገት ወደቀ፤ ትናንት ባለጠጋ የነበረውም ዛሬ ባለዕዳ ሆነ። ለችግሩ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የሚታየው መጀመሪያ ግን ይህ ነው።

የአንዱ ሰው ጉዳት ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲህ ነው። ሰው ገንዘብ ሲያጣ አዲስ ጫማ መግዛት ይተዋል። ጫማ የሚገዛ ሲጠፋ የጫማው ፋብሪካ ሠራተኞቹን ያሰናብታል። የተሰናበተውም ሠራተኛ ሥጋና ቅቤ መግዛት ይተዋል፤ ስለዚህ ገበሬው ገዢ አጥቶ ይከስራል። የከሰረ ገበሬም ማረሻ አይገዛምና ማረሻ የሚሠራው ፋብሪካ ይዘጋል። እሳት ከአንዱ የሣር ቤት ወደ ሌላው የሣር ቤት እንደሚዛመት፥ ችግሩም ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ።

ባንኮችም እንደዚሁ ሆኑ። ባንክ ሰዎች በአደራ የሰጡትን ገንዘብ ሁሉ በሣጥን ቆልፎ አያኖርም፤ ለነጋዴና ለገበሬ ያበድረዋል እንጂ። ሕዝቡ ፈርቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘቡን በጠየቀ ጊዜ ብዙዎቹ ባንኮች መክፈል ተሳናቸው። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9,000 ያህል ባንኮች ወደቁ። ለእርጅናቸው ብለው ጥቂት በጥቂት ያጠራቀሙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1933 ዓመተ ምሕረት ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ የሰው ኑሮ እጅግ ተለወጠ። እናቶች የዱቄት ከረጢት እየፈቱ ለልጆቻቸው ልብስ ይሰፉ ነበር። ይህን የሰሙ የዱቄት ነጋዴዎችም ከረጢቱን አበባ ባለበት ጨርቅ መሥራት ጀመሩ። የጫማው ሶል ሲያልቅ በውስጡ ወፍራም ወረቀት ይደረግበት ነበር። በከተማ የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ሰዎች ከከተማው ዳር በሣንቃና በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሱ፤ ብዙ ሰዎችም ሾርባና ዳቦ በነጻ ለመቀበል ረዥም ሰልፍ ይቆሙ ነበር። በአንዳንድ ስፍራ ለአስተማሪ የሚከፈል ደመወዝ ስለ ጠፋ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኦክላሆማና በካንሳስ አውራጃ ደግሞ ዝናም ጠፋ፤ ሣሩ የተገለበጠበትን እርሻ ነፋስ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፤ ቀኑም በአቧራ ጨለመ። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ዕቃቸውን በመኪና ጭነው አገራቸውን ለቀው ሄዱ።

ከረኀብ ቀጥሎ የከፋው ነገር ኀፍረት ነበረ። ዕድሜውን ሁሉ በላቡ ሲኖር የነበረ አባት ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ሲመለስ፥ ጥፋቱ የራሱ ይመስለው ነበር። አላዋቂዎችም ሰነፍ ይሉት ነበር። ነገር ግን ሰነፍ ማለት ሥራ እያለ የማይሠራ ነው፤ ሥራ ፈልጎ ያጣው ሰው ሰነፍ አይባልም።

በመጀመሪያ ችግረኞችን የረዱ ጎረቤቶች፥ አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ነበሩ። ነገር ግን ሰጪው ራሱ እየደኸየ ስለ ሄደ ይህ ርዳታ አልበቃም። በ1933 በመጋቢት ወር ፍራንክሊን ሩዝቬልት የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። መንግሥቱም አስቀድሞ ባንኮችን ሁሉ ለጥቂት ቀን ዘግቶ መረመረ፤ ጤናማ የሆኑትንም ከፈተ። በዚያው ዓመት ባንክ ቢወድቅ እንኳ የድኻው ገንዘብ እንዳይጠፋ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ አወጣ።

ቀጥሎም መንግሥት ለድኾች ዳቦና ልብስ ሰጠ፤ ይልቁንም ለሥራ ፈላጊው ሥራ መስጠትን መረጠ። በ1933 ዓመተ ምሕረት ላላገቡ ወጣቶች የደን ሥራ ሰፈር ተቋቋመ። ወጣቶቹ በሰፈሩ እየኖሩ ዛፍ ይተክሉ፥ እርከን ይሠሩ፥ የደን እሳት ያጠፉ ነበር። ምግብና ልብስ ይሰጣቸው ነበር፤ በወርም 30 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ከዚህም ውስጥ 25 ዶላሩ ለወላጆቻቸው ይላክ ነበር። ስለዚህ የአንድ ልጅ ጉልበት በሩቅ ያለውን የቤተ ሰቡን ምድጃ ያሞቅ ነበር። ሥራው በ1942 እስኪያበቃ ድረስ ከ2,000 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ ተተከለ።

በ1935 ደግሞ ሌላ ታላቅ የሥራ ድርጅት ተቋቋመ። በስምንት ዓመት ውስጥም ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሥራ አገኙበት። እነዚህ ሰዎች መንገድ ጠረጉ፤ ድልድይ፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሠሩ። ሴቶችም ለችግረኞች ልብስ ሰፉ፤ ለተማሪዎችም ምሳ ቀቀሉ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለተማሪ የሚያስደስተው በኬንታኪ ተራራዎች የተሠራው ነው። በዚያ ስፍራ መንገድ አልነበረም፤ መጽሐፍም ብርቅ ነበረ። ስለዚህ ሴቶች በወር 28 ዶላር ደመወዝ እየተቀበሉ፥ በበቅሎና በፈረስ ላይ መጻሕፍት ጭነው ከጎጆ ወደ ጎጆ ያደርሱ ነበር። ዝናምና በረዶ ሲመጣም ጅረት እየተሻገሩ፥ ገደል እየዞሩ ይሄዱ ነበር። ደመወዙን መንግሥት ይከፍል ነበር፤ በቅሎውን ግን ሴቶቹ ራሳቸው ያመጡ ወይም ይከራዩ ነበር፤ መጻሕፍቱንም በሌላ ስፍራ ያሉ ሰዎች በስጦታ ይልኩ ነበር። መጽሐፍ ሲቀደድ አልተጣለም፤ ገና የሚነበበውን ቅጠል እየቆረጡ በደብተር ለጥፈው እንደገና ያውሱት ነበር። ማንበብ ለማይችል ሽማግሌም ተቀምጠው ያነቡለት ነበር።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከሰማይ አልዘነመም። መንግሥት ካላቸው ሰዎች ግብር ሰበሰበ፤ የቀረውንም ተበደረ። ስለዚህ የመንግሥት ርዳታ ማለት የሕዝብ ገንዘብ ወደ ሕዝብ ሲመለስ ነው። ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ሲያገኝ ግብሩን በእውነት መክፈል የሚገባው ስለዚህ ነው።

ደግሞም መንግሥት የሰዎች ሥራ ስለ ሆነ ይሳሳታል። በ1933 የአሳማ ዋጋ እንዲወጣ ብሎ ሚሊዮን የሚቆጠሩ አሳማዎችን አሳረደ፤ ብዙዎቹም ሳይበሉ ስለ ባከኑ የተራበው ሕዝብ ተቈጣ። በ1935 ለሽማግሌዎች ጡረታ የሚሰጥ መልካም ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን የእርሻ ሞያተኞችንና የቤት ሠራተኞችን አስቀረ። ከጥቁር አሜሪካውያንም ብዙዎቹ የሚኖሩት በእነዚህ ሥራዎች ስለ ነበረ፥ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ርዳታውን አጡ። ይህ ጉድለት በ1950 እና በ1954 በወጡ ሕጎች በብዙ ታረመ። ሥራ የማጣቱም ነገር ፈጽሞ የቀለለው የዓለም ጦርነት መጥቶ ፋብሪካዎች ሁሉ በተከፈቱ ጊዜ ነበር። ሆኖም ርዳታው ባይመጣ ኖሮ ብዙ ቤተ ሰብ በተበተነ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አስተዋይ ልጅ ሦስት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ ሥራ ያጣውን ሰው መናቅ እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው፥ ከርዳታ ሁሉ የሚበልጠው ሰውን በእግሩ የሚያቆም ርዳታ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፥ ርዳታ ሲከፈል ድምፁ የማይሰማው ሰው እንዳይረሳ መጠንቀቅ ነው። አባቶች፥ «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። የችግርም ሸክም እንዲሁ ነው፤ ብቻውን የተሸከመው ይወድቃል፤ ሁሉ ሲካፈለው ግን ይቀላል።

ጥያቄ

፩፤ የጫማ ፋብሪካ ሲዘጋ ገበሬው የሚጎዳው ስለ ምንድር ነው?
፪፤ በሰነፍና ሥራ ባጣ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
፫፤ በደን ሥራ ሰፈር ያለ ወጣት ከ30 ዶላር ለራሱ ስንት ይቀርለት ነበር?
፬፤ መንግሥት ለርዳታ ያወጣው ገንዘብ ከየት መጣ?
፭፤ በ1935 በወጣው ሕግ ርዳታ ያጡት እነማን ነበሩ?